በግንባር መለኪያ የተለካው ሽቦ

ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ኮልፌ ቀራንዮ በሚገኘው የአባታችን ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ሦስት ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ ታላቅ ወንድሜ ነስሩ አንድን እውነተኛ ሰው ውሸታም ብሎ ከሰሰ። ለክሱም ማስረጃ አድርጎ የእኔን ስም፣ የእኔን ማዕረግና የእኔን ፎቶግራፍ አቀረበ። አላስፈቀደኝም። እስከ ዛሬም ይቅርታ አልጠየቀኝም። ይህን የምጽፈው ግን ይቅርታ ፈልጌ አይደለም።

በዚያን ጊዜ ማን እንደነበርሁ በአጭሩ ልናገር። የሙቀት ምሕንድስና አጥንቼ በዚሁ ሙያ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝቻለሁ፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ፤ አስኮ ብቻዬን እኖራለሁ። ቤተሰቤ ከአያቴ ጀምሮ ነጋዴ ነው። ትምህርቴን የማይድን፣ ነገር ግን የማይገድል በሽታ አድርገው ለምደውታል። «ዶክተር» ብለው የሚጠሩኝ ብዙውን ጊዜ ጨው እንዳቀብላቸው ሲፈልጉ ነው። ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ሰው ስላልነበረ፣ ነስሩ አንድ ቀን ደውሎ «ያንን በምረቃ ጋዎን የተነሣሽውን ፎቶ ላኪልኝ» ሲለኝ ደስ አለኝ። ለምን እንደፈለገው አልጠየቅሁም። ላክሁለት።

ነስሩ ጦር ኃይሎች አካባቢ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለው። ከፊት የሚታየው የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ነው። ከባንኮኒው ኋላ በቆመው ቁም ሳጥን ውስጥ ግን እንዳይሸጥ ሕግ የከለከለውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ሰው ቬፕ የሚለውን፣ ያስቀምጣል። ይህን አላውቅም ነበር። የነገረኝ ከሱቁ ቀጥሎ ባለው ክፍል ልብስ የሚሰፋው ዳኛቸው ነው።

ዳኛቸው ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ቤተሰቦቹ እርሱ ከመወለዱ በፊት ከዳውሮ መጥተው ኮልፌ የሰፈሩ ናቸው። ከቅዳሜው አስቀድሞ በነበረው ሐሙስ አስኮ ድረስ መጥቶ በሬን አንኳኳ። የቀኝ እጁ ሌባ ጣት በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ዶክተሯ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ከፎቶው ይልቅ ቀጠን ብለዋል።»

የትኛው ፎቶ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው። ነስሩ በሩን ሲከፍተው መጀመሪያ የሚታዩት እርስዎ ነዎት፤ በጥቁሩ ልብስ፣ ባለጠፍጣፋ ቆብ አድርገው። ከሥር ‹በዶክተር የተረጋገጠ፣ ከሰውነት ሙቀት አያልፍም› ተብሎ ተጽፏል።» ዓይኑን ወደ ጫማው መለሰ። «ልከስዎት አይደለም የመጣሁት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። እውነት እርስዎ ለክተውታል?»

«አልለካሁትም። መኖሩንም የሰማሁት አሁን ከእርስዎ ነው።»

«እንግዲያው የተሠራው በሁለታችንም ላይ ነው» አለ። ወንበር አቀረብሁለት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዳኛቸው ሲጋራ ያጨስ ነበር። የሲጋራው ጠረን በሚሰፋው ሱፍ ላይ እየቀረ ደንበኞቹ ያጉረመርማሉ። ነስሩ ቬፕ እንዲሞክር ሲመክረው ዳኛቸው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጨርቅ ላይ ቢወድቅ ያቃጥላል ወይ? ነስሩም በኮሮና ጊዜ ሱቁ በር ላይ የደንበኞችን ግንባር ይለካበት የነበረውን ሽጉጥ መሰል መለኪያ ከመሳቢያ አወጣ። ቬፑን በመዳፉ ይዞ እየሠራ ሳለ መለኪያውን አነጣጠረበት። መስኮቱ ላይ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ታየ። «አየህ ዳኜ፣ እንደ አንተ ግንባር ነው» አለው። ከዚያም ወደ ፎቶዬ ጠቆመ።

ከሳምንታት በኋላ ቬፑ ጢስ መስጠት አቆመ። ዳኛቸው የላይኛውን ክፍል ፈትቶ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ፈሳሹን መጥጦ የሚይዘው፣ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥጥ ደርቋል። ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ በግራ እጁ አውራ ጣት አዝራሩን ተጫነና በቀኙ ሌባ ጣት ሽቦውን ነካው።

«ለምን ነኩት?» አልሁት።

«እኔ ነገር የማውቀው በመዳሰስ ነው። ጨርቅም፣ ክርም፣ የስፌት መኪናው ሲበላሽም። ካውያ ቢሆን እፈራዋለሁ። ይህ ግን ሠላሳ ስድስት ነው ተብያለሁ።»

ፋሻውን ፈታ። በጣቱ ጫፍ ላይ እርስ በርስ ተጠጋግተው የተሰለፉ ቀጫጭን መስመሮች ገብተዋል። ጥምዝ ሽቦ የሚተወው ምልክት ነው፤ ሌላ ምንም ነገር እንዲህ አያቃጥልም። ቁስሉ እየዳነ ነበር። ስሜቱ ግን አልተመለሰም። በዚያ ጣት ሐርና ፖሊስተር መለየት አልቻለም፤ መርፌ ሲይዝም ዓይኑን ካልጨመረበት አያውቀውም።

ነስሩ ግን ለሰፈሩ ሁሉ ዳኛቸው የገዛ ካውያው አቃጥሎት በእርሱ እንዳሳበበ አውርቷል። ነገሩ ወደ ፖሊስ እንዳይሄድ ሁሉም ስለፈለገ፣ ቅዳሜ በአባቴ ቤት ሽማግሌ ሊቀመጥ ተቀጥሯል።

«ምን እንዲያደርግልዎት ነው የሚፈልጉት?»

«ሕክምናውን ራሴ ጨርሻለሁ። ‹ጣትህን ያቃጠለው እኔ የሸጥሁልህ ዕቃ ነው› ብሎ ሰው ፊት ይናገር። ሌላ ምንም። እኔ በዚያ ሰፈር ያለኝ ቃሌ ነው። የሰው ጨርቅ የሚሰጠኝ ታምኜ ነው።»

በማግስቱ ወደ ሱቁ ሄድሁ። ነስሩ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጦ የስልክ መስታወት ይለጥፋል።

«ዶክተርዬ፣ ምን እግር ጣለሽ?»

«ቁም ሳጥኑን ክፈተው።»

«የቱን?»

«እኔ ያለሁበትን።»

ምንም ሳይደናገጥ ከፈተው። እንደተባለው እዚያ ነበርሁ፤ በደርዘን ከሚቆጠሩ ባለቀለም ቬፖች በላይ፣ ዲግሪዬን በተቀበልሁበት ዕለት እንዳለሁ።

«እንዴት እንዳማረብሽ አታይም? ፍሬም ላስገባሽ ነበር።»

«ከሥር የተጻፈውን ማን ለካው?»

«እኔ። በማሽን።» መለኪያውን አነሣ፤ አንዱን ቬፕ መዳፉ ላይ አድርጎ ተጫነ፤ መስኮቱን ወደ እኔ አዞረ። «ሠላሳ ስድስት ከምናምን። አንብቢው።»

«ይህ የተሠራው ለሰው ግንባር ነው» አልሁት። «ከፊቱ ያለውን ሰፊ ቦታ በአንድ ላይ ነው የሚያየው። ሽቦው የክር ያህል ነው፤ ያውም በቱቦ ውስጥ ተሸሽጓል። የለካኸው የራስህን መዳፍ ነው።»

«እንግዲያው ትኩሳት የለብኝም። አልሐምዱሊላህ።»

ቻርጀር ሊገዛ የቆመ ሰው ሳቀ። ነስሩ ሳቁን እስኪጨርስለት ጠብቆ «እሺ ምን ያህል ይሞቃል? ሻይ ያህል?» አለኝ።

«ኮልፌ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በዘጠና ሁለት ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚህ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግን ወደ ጢስ የሚለወጠው ወደ ሁለት መቶ ዲግሪ ሲጠጋና ከዚያም ሲያልፍ ነው። ጢስ ካየህ ሽቦው እዚያ ደርሷል ማለት ነው። ጥጡ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ፈሳሹ ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል። ጥጡ ሲደርቅ የሚያቀዘቅዘው ስለሌለ ሽቦው ይግላል።»

«ሁለት መቶ ዲግሪ ሰው በአፉ ይስባል?»

«ጢሱ አፍ እስኪደርስ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይቀዘቅዛል።»

«ስለዚህ አያቃጥልም።»

«አፍን። ጣት ግን…»

«አየሽ፣ አያቃጥልም» አለ፤ ወደ ደንበኛውም ዞሮ «እኅቴ ናት፤ ዶክተር ናት» ብሎ ጨመረ።

ደንበኛው ሲሄድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገ አንድ ቃል ብቻ በይልኝ። ‹አይሞቅም› በይ። አባባ ይኖራሉ። ወላሂ ከዚያ በኋላ ፎቶሽን አወርደዋለሁ።»

«አንድ ቬፕ ስጠኝ።»

ሳያመነታ ሰጠኝ። ቀለሙንም አስመረጠኝ።

የዚያን ዕለት ቤተ ሙከራ ገብቼ ለካሁት። የተጠቀምሁበት ቴርሞካፕል ነው፤ ጫፉ እንደ ፀጉር የቀጠነና የነካውን ነገር ብቻ የሚለካ ሽቦ ነው። ጥጡ እርጥብ ሳለ ከሁለት መቶ ጥቂት አለፈ። ጥጡን አድርቄ ደግሜ ስጫነው በሰከንዶች ውስጥ አምስት መቶን ተሻገረ፤ ጥጡ ጠቁሮ መሽተት ጀመረ። መብራቱን አጥፍቼ ተመለከትሁ፤ ሽቦው ቀልቷል። ብረት ለዓይን የሚቀላው ከአምስት መቶ ዲግሪ ወዲያ ነው፤ ይህን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም። አዝራሩን ለቀቅሁት። ቴርሞካፕሉን በቦርሳዬ ይዤ ወደ ቤት ሄድሁ። ልክ የሆነ ቁጥር በእጁ ያለ ሰው የሚሰማው ጸጥታ ተሰምቶኝ እንደነበር አልክድም።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የአባቴ የረጅም ዘመን ወዳጅ ሀጂ ከድር፣ ዳኛቸው ያመጣቸው አቶ ወልዴ፣ እንዲሁም የእድሩ ዳኛ። ዱዓ ተደረገ። እንደ ልማዱም ሁለቱ ባለጉዳዮች ተራ በተራ ቆመው፣ ነገሩ ገና ሳይሰማ፣ ሽማግሌ የሚወስነውን እንደሚቀበሉ ተናገሩ። ዳኛቸው ይህን ሲል የቆሰለውን እጁን ከኋላው አድርጎ ነበር። አባቴ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሰማንያን ካለፈ ወዲህ በእንዲህ ያለ ጉባኤ ብዙ አይናገርም።

ነስሩ ፎቶዬን አወጣ። በእርግጥም ፍሬም ገብቶለታል። ጠረጴዛው ላይ አቆመውና መለኪያውን አስከተለ። ዳኛቸው ያመጣውን የራሱን ቬፕ፣ ጥጡ እንደደረቀና ላዩ እንደተከፈተ፣ ከጠረጴዛው አንሥቶ መዳፉ ላይ አደረገ። አዝራሩን አልነካውም፤ መለኪያውን ብቻ ተጫነ።

«ወላሂ ሠላሳ ስድስት ነው የሚለው» አለ።

መሐላው እውነት ነበር። መለኪያው የሚለው እርሱን ነው።

ሀጂ ከድር መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ለአቶ ወልዴ አቀበሉ። የእድሩ ዳኛ መለኪያውን ወደ ገዛ ግንባራቸው አዙረው ተጫኑት። «እኔም ያው ነኝ» አሉ።

«ዶክተር ልጄ» አሉኝ ሀጂ ከድር፣ «ይህን አንቺ ነሽ ያረጋገጥሽው?»

«ፎቶው የእኔ ነው። ጽሑፉ የእኔ አይደለም። አላረጋገጥሁም።»

«ትሑት ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት» አለ ነስሩ።

ቴርሞካፕሉን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«መለኪያ ነው፣ ሀጂ።»

«መለኪያማ አለን እኮ።»

«ያ የግንባር ነው። ይህ የሽቦ ነው። ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።»

ሀጂ ከድር መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እኛ የመጣነው ሰው ለማስታረቅ ነው። በሁለት መለኪያ ካየነው ሁለት ነገር ሊል ነው፤ ያን ጊዜ ማንን ከማን እናስታርቃለን? አስገቢው።»

አቶ ወልዴን ተመለከትሁ፤ እርሳቸው ምንጣፉን ያያሉ። አስገባሁት።

ዳኛቸው ጣቱን አሳየ። «ካውያ ነው» አለ ነስሩ።

«ካውያ ጠፍጣፋ ነው፣ ነስሩ» አለ ዳኛቸው። «ዕድሜ ልኬን ይዤዋለሁ። መስመር አይሠራም።»

«ዳኜ፣ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ሰው ካቃጠለ ሚስትህ በጨበጠችህ ቁጥር ትቃጠላለች ማለት ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ አቶ ወልዴም ሳቁ። ዳኛቸው ፋሻውን መልሶ መጠቅለል ጀመረ። በአንድ እጅ ስለሆነ ቶሎ አልሆነለትም።

በዚህ ጊዜ አባቴ ከወንበሩ ተነሣ።

«በቃ፤ ይህን ሰው አታድክሙት» አለ። «ልጄ አይሞቅም ካለ አይሞቅም። እኔ እነካዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ወደየቤታችን እንሄዳለን።»

ቬፑን ከጠረጴዛው አነሣ። አዝራሩ የት እንደሆነ ጠየቀ። ራሱ አገኘውና በአውራ ጣቱ ተጫነው። የሌላኛውን እጁን ሌባ ጣት ዘረጋ። እኔ «አባባ» ብዬ ብድግ አልሁ፤ ከእኔ እስከ እርሱ ግን ጠረጴዛው ነበር።

ነስሩ ቀደመኝ። ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ የአባታችንን እጅ አንጓው ላይ ያዘና ወደ ኋላ ጎተተው። ቬፑ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። አባቴ ሚዛኑን ስቶ ሊወድቅ ሲል የእድሩ ዳኛ ደገፉት።

ሽማግሌዎቹ ከወደቀው ቬፕ ወደ ነስሩ እጅ ተመለከቱ።

«ምነው ልጄ?» አለ አባቴ።

ነስሩ አንጓውን አሁንም እንደያዘ ነው። «ንጹሕ አይደለም አባባ» አለ። «የሰው አፍ የነካው ነው።»

ሀጂ ከድር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አዎ፤ ንጽሕና መልካም ነው» አሉ። ወደ ሁለቱ ጓደኞቻቸውም ዞረው «እንግዲህ ወደ ውሳኔው እንሂድ» አሉ።

አዝራሩ ሲለቀቅ እንዲህ ያለ ቀጭን ሽቦ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ምንጣፉ ላይ ምንም ምልክት አልተገኘም። በዚያ ክፍል ውስጥ የቀረው ማስረጃ በአባቴ አንጓ ላይ የታተመው የወንድሜ ጣቶች ቅላት ነበር፤ እርሱም አስር ሰዓት ሳይሞላ ደበዘዘ።

ውሳኔው አጭር ነበር። ነስሩ ቆሞ «ሳላውቅ አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ» አለ። ካውያም ሽቦም አልተነሣም። ዳኛቸው ወደ እኔ ተመለከተ። ውሳኔውን እንደሚቀበል አስቀድሞ ሰው ፊት ቆሞ ተናግሯል፤ በዚያ ሰፈር ቃል የሚያጥፍ ሰው ጨርቅ አይሰጠውም። «ይቅር ብያለሁ» አለና ግራ እጁን ዘረጋ። ተቃቀፉ።

«አንቺም ወንድምሽን ሳሚ» አሉኝ ሀጂ ከድር።

«እኔ ከሳሽም ተከሳሽም አይደለሁም፤ ውሳኔ እቀበላለሁ ብዬም አልቆምሁም።»

«ልጄ፣ አሁን ይህ ምን ይጠቅምሻል?»

ፎቶዬን ከነፍሬሙ ከጠረጴዛው አንሥቼ ወጣሁ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ታሪኩ ትንሽ መስሎ ከታያችሁ አልቀየማችሁም። የሞተ ሰው የለም። እኔ ግን እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ፣ ሰዎች ሐሰት የሚያምኑት እውነቱ ስላልደረሳቸው ነው ብዬ አምን ነበር። የሕይወቴን የተሻለውን ክፍል ያሳለፍሁት በዚህ እምነት ነው፤ ለተማሪዎቼም ያስተማርሁት ይህንኑ ነው። በዚያ ሳሎን ውስጥ ግን እውነቱ ለሁሉም እኩል ደረሰ። ቁጥር አላስፈለገውም፤ አንድ እጅ ሲያዝ ሁሉም አየ። ካዩ በኋላም ወደ ውሳኔው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቴን የምሰጠው እንደ ቀድሞው ነው፤ ልክ የሆነውን ቁጥር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ቁጥሩ ምን እንደሚለውጥ ግን ቃል አልገባም።

ወደ ሕግ ለምን አልሄድሽም የሚለኝ ይኖራል። አባቴ ለመነኝ። በሕይወቱ ለምኖኝ አያውቅም ነበር። ለምን እንደለመነኝም አልገለጸልኝም፤ ሲለምነኝ አንጓውን በሌላኛው እጁ እያሸ ነበር። በዒድ ወደዚያ ቤት የምሄደው ነስሩ ከወጣ በኋላ ነው። ቤተሰቡ እርቅ ያፈረሰችው እኔ እንደሆንሁ ይናገራል።

ዳኛቸው አሁን ጨርቅ የሚዳስሰው በግራ እጁ ነው። ሥራው ዘገየ። አንዳንድ ሰዎች «ካውያ ያቃጠለው» ይሉታል፤ የሚሉትም በፍቅር ነው፤ ይህም የባሰ ነው። ነስሩ ቁም ሳጥኑን አልዘጋም። ፎቶዬ በነበረበት ቦታ አሁን ምንም የለም፤ ስለ ሙቀቱ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ ግን መለኪያውን አውጥቶ «ይህ ሽማግሌ ያየው ነው» እንደሚል ዳኛቸው ነግሮኛል።

ነስሩ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ፤ ካላነበብኸውም የሚያነብልህ አይጠፋም። ያንን መለኪያ አምነህ ቢሆን ኖሮ አባታችን ሠላሳ ስድስት ዲግሪ በነካ ነበር። የንጽሕና ጉዳይ ነው ብለሃል። ደንበኞችህ አፋቸው ውስጥ አድርገው የመለሱልህን ቬፕ ሸሚዝህ ላይ ጠርገህ ለሌላ ሰው ስትሸጥ ያየ ሰው አለ፤ ስለዚህ ይህን መልስ አልቀበልም። ሌላ መልስ ስጥ። ለእኔ አትስጠኝ። ጦር ኃይሎች፣ የዳኛቸው በር ላይ፣ ደንበኞቹ በተቀመጡበት ሰዓት ቆመህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረው፤ የአባታችንን እጅ ለምን ያዝህ?